የረቡዕ ጥብስ

ስለ ምግብ መጽሐፍ መጻፍ ቀላል ይመስላል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። ስለ ነገሥታት የሚጽፍ ሰው ቢሳሳት ነገሥታቱ ከመቃብር ተነሥተው አይከሱትም፤ ስለ ከዋክብት የሚጽፈውንም ቢሆን ወጥቼ አይቼ ልምጣ የሚለው አንባቢ የለም። ስለ ሽሮ የጻፈ ሰው ግን አበሳውን ያያል። በዚህ አገር ስለ ሽሮ ሊቅ ያልሆነ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለ አውሮፕላን ሞተር ብጽፍ አንገቱን እየነቀነቀ የሚያነበኝ ጎረቤቴ፣ "ሽሮው ወፈር ብሎ ቀረበልኝ" ብዬ የጻፍኩ ዕለት መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ "ወፈር ማለት ምን ያህል ነው?" አለኝ።

ስለ ምግብ እየዞሩ የሚጽፉ የውጭ ሰዎችን መቼም በቴሌቪዥን አይታችኋል። አንድ ሻንጣና አንድ ጤነኛ ሆድ ይዘው ይነሣሉ፤ ያገኙትን ይበላሉ፣ የበሉትን ይጽፋሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው "እምም" ይላሉ፣ አለቀ። የእኛ አገር ጸሐፊ ግን ከሻንጣውም ከሆዱም በፊት መያዝ ያለበት ዕቃ አለ። የቀን መቁጠሪያ። እኔ ይህንን ያወቅሁት መጽሐፌ ታትሞ ከተበተነ በኋላ ነው፤ እንዴት እንዳወቅሁት ላጫውታችሁ።

የምኖረው ቢቸና ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ቤት ውስጥ ሲውል ምን እንደሚመስል ባለቤቴን ጠይቋት። የድስት ክዳን እያነሣሁ አያለሁ፤ ዕቃ ከቦታው አነሣና ሰሜን ወዴት እንደሆነ እነግራታለሁ። በመጨረሻ መረራትና፣ "ለምን የምትወደውን ነገር አትጽፍም? ዞር ዞርም ትላለህ" አለችኝ። ስለ ካርታ የምጽፍ መስሏት ነበር። እኔ ግን ከዓባይ ድልድይ ተነሥቼ፣ ደጀንን አልፌ፣ በቢቸና አድርጌ እስከ ሞጣ ድረስ መንገደኛ የሚበላባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ እየቀመስኩ ልጽፍ ተነሣሁ። ቀጭን መጽሐፍ ናት። ቀጭንነቷ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ የወረቀት ዋጋ ነው።

የመምህርነት አመል አይለቅምና ለእያንዳንዱ ቤት ወሩን፣ ዕለቱን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ ሳይቀር መዘገብኩ። "ደጀን፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ከገደሉ በኩል ነፋስ ነበር፤ ፍርፍር በላሁ" ዓይነት ነገር ነው። አንባቢ በዚህ ያምነኛል ብዬ ነበር። አመነኝም። ችግሩ የመጣው ከማመኑ ነው።

እዚያው ደጀን ሻይ ስንጠጣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የአምበር ልጅ ነኝ ያለኝ፣ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝና ነገርኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሞጣ ከደረስክ የእነ አንጓችን ቤት የበግ ጥብስ ሳትበላ እንዳትጽፍ" አለኝ። ከዚያም ጥብሱን ተረከልኝ። እውነቴን ነው፣ ተረከልኝ ነው የምላችሁ፤ በሸክላ ከነፍሙ እየተንጫጫ እንደሚመጣ፣ ቃሪያው ተሰንጥቆ ከላይ ጣል እንደሚደረግበት፣ ከሥሩ የቀረውን መረቅ በእንጀራ ጠርጎ ለመብላት ሰው ከጓደኛው ጋር እንደሚጣላ። ሻዬ ቀዘቀዘ። እዚያው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ሞጣ የደረስኩት በጥቅምት ወር፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ጾም ነው። ወይዘሮ አንጓች ቤት ገብቼ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከሁለት ዲያቆናት ጋር ተዳብዬ ተቀመጥኩ፤ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። የቀረበልኝ ሽሮ ነው። አሁን የምነግራችሁን ያን ጊዜ ብጽፈው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም። በትንሽ ድስት እየተፍለቀለቀ መጣ። ነጭ ሽንኩርቱ ይታወቃል ግን አይጮህም፤ በርበሬው ከሩቅ መጥቶ ጉሮሮ ላይ ነው ሰላም የሚላችሁ። ዲያቆናቱ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ በላሁ፤ ከፍዬ ወጣሁ፤ በዚያው ቀን ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ልጽፍ ስል ግን ብዕሬ ቆመ። ሞጣ የመጽሐፉ መጨረሻ ናት። መጽሐፍ በሽሮ ይጨረሳል? በደጀንም ሽሮ አለ፣ በቢቸናም ሽሮ አለ፤ አንባቢው ይህን ሁሉ መንገድ ተከትሎኝ መጥቶ መጨረሻ ላይ ሽሮ ላቅርብለት? አፈርኩ። ያን ጊዜ የሾፌሩ ጥብስ ማስታወሻዬ ውስጥ ሲንጫጫ ሰማሁት። ሽሮውን አነሣሁና ጥብሱን አስቀመጥኩ። "የጠበሰው ሰው እጁ የተባረከ ነው" ብዬ ሁሉ ጻፍኩ። ሌላውን አልነካሁም። ጥቅምቱ እውነት ነው፣ ረቡዑ እውነት ነው፣ አምስት ሰዓቱና መስኮቱ እውነት ናቸው። አንዲት ውሸት ናት፤ እሷንም ዙሪያዋን በእውነት አጠርኳት።

መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ። አንዱን ቅጂ በአውቶቡስ ወደ ሞጣ፣ ለወይዘሮ አንጓች ላክሁላት። ሌሎች ጥቂት ቅጂዎችም እዚያው ከተማ ተሸጡ። አንዱን ደግሞ ለንስሐ አባቴ ለቄስ ሞላ በገዛ እጄ ሰጠሁ። እስቲ አሁን እንደ እኔ ያለ ሞኝ አይታችኋል?

ጥር ላይ ቄስ ሞላ ሊጠይቁን ቤት መጡ። ጸሎት አድርገው፣ ጠላ ቀምሰው፣ ባለቤቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መጽሐፍህን አነበብኩት" አሉኝ።

"እንዴት አገኙት አባ?"

"ደግ ነው። አማርኛው ጥርት ያለ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍማ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።"

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። "ሞጣን?"

"ሞጣን። ረቡዕ ይላል።"

መጀመሪያ ምን እንዳሉኝ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። ከገባኝ በኋላ ደግሞ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር አልኩ።

"መጀመሪያ በበዓለ ሃምሳ ይሆናል፣ ከፋሲካ ወዲህ ረቡዕም ይበላል ብዬ ልምርህ ነበር" አሉ ረጋ ብለው። "ወረድ ስል ጥቅምት ብለሃል። የጥቅምት ረቡዕ ጥብስ።"

አያችሁ የገባሁበትን? በላሁ ካልኩ ጾም የገደፈ ሽማግሌ ነኝ፤ ያውም ገድፎ አሳትሞ ያሠራጨ። አልበላሁም ካልኩ ውሸታም ነኝ፤ ይኸውም ታትሟል። ቢቸና ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁለቱንም ስም ተሸክሞ መዞሪያ ቦታ የላትም። ትንሽ አሰብኩና ውሸቱ ይቀለኛል ብዬ መረጥኩ።

"አባ፣ አልበላሁም። የፈጠርኩት ነው።"

"ምን በላህ ታዲያ?"

"ሽሮ።"

"በአምስት ሰዓት?"

ዲያቆናቱም አብረውኝ በልተዋል ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ለካ የጾም ቀን ምግብ ሰዓትም አለው። አንዱን ኃጢአት ላራግፍ ስል የተረሳ ሌላ ኃጢአት ከኪሴ ወደቀ። ቄስ ሞላ ግን እሱን ለጊዜው አለፉልኝ። ጢማቸውን ይዘው፣ "ብትበላው ይሻል ነበር" አሉ።

"እንዴት አባ?"

"ብትበላው ኃጢአቱ ያንተ ብቻ ነበር። ንስሐ ትገባለህ፣ ትሰግዳለህ፣ ያልቃል። አሁን ግን ረቡዕ ቀን ጥብስ የበላ የለም፤ ረቡዕ ቀን ጥብስ የጠበሰች ሴት ግን አለች። ስሟን ከነሰፈሯ ጽፈሃል። የጾም ድስቷን ከእንግዲህ ማን ያምነዋል?"

በእግዚአብሔር ስም እምላችኋለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሴትዮዋ በሐሳቤ መጥታ አታውቅም። ስለ ራሴ ስም ስጨነቅ ነበር የቆየሁት። የምግብ ቤት ነገር የገባው ሰው ያውቀዋል፤ የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ለየብቻ ናቸው፣ ጭልፋቸው ለየብቻ ነው፣ አጣቢያቸው እንኳ ለየብቻ ቢሆን ደስ ይላል። ጿሚ ሰው ረቡዕና ዓርብ ከቤቱ ውጭ ሲበላ የሚበላው ሽሮውን ብቻ አይደለም፤ ባለቤቲቱን አምኖ ነው የሚጎርሰው። እኔ ደግሞ ይህችን እምነት በአንዲት የተጋነነች ገጽ ላይ ጠበስኳት።

"ሂድና ፊት ለፊት ንገራት" አሉኝ ቄስ ሞላ ሲነሡ። "የስግደቱን ነገር ከዚያ ወዲያ እንነጋገራለን።"

በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሞጣ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ቤቱ ተዘግቶ ባገኘው ብዬም ተመኝቻለሁ። አልተዘጋም። ተከፍቷል፣ ተጠርጓል፣ የጠረጴዛዎቹ ላስቲክ ተወልውሏል። ሰዓቱ ደግሞ የምሳ ሰዓት፣ ሰባት ተኩል ነው። ሰው ግን የለም። ጥግ ላይ አንድ መንገደኛ ብቻ ሻይ ይጠጣል።

ከገንዘብ መቀበያው በላይ ግድግዳው ላይ መጽሐፌ ተሰቅሏል። በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ተገልጦ፣ እንዳይዘጋ በክር ታስሮ። ከጎኑ ባርኔጣ ያደረጉ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ አለ።

ወይዘሮ አንጓች ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ክብ፣ እጇ ሰፊ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያጠበቀች ሴት ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ደግማ ሳመችኝ። "መምህር! ኧረ እንኳን እግርዎ ወደዚህ አመራ! ይኸው ከላዬ ሰቅየዎታለሁ፤ ገብቶ ያላሳየሁት ሰው የለም!" አለችኝ።

ገብቶ ያላሳየችው ሰው የለም። ይህ ዐረፍተ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ እንደ ምን ያለ ነገር እንደሆነ እናንተው ገምቱት። የገዛ ሐሜቷን በላስቲክ ሸፍና ግድግዳ ላይ ሰቅላ በጣቷ ስታስነብብ ከርማለች።

"ሥራ እንዴት ነው እትዬ?" አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ።

"ተመስገን ነው። ማክሰኞም ሐሙስም ደህና ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ምን እንደመጣ እንጃ መምህር፣ ሰዉ ሁሉ ጨጓራውን ታመመ።"

"ጨጓራውን?"

"ሁሉም! ዲያቆናቱ ጨጓራ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ጨጓራ። ሽሮ ከለከሉን ይላሉ። ጎረቤቴ አቶ ሰይድ እንኳ፣ እዚህ አጠገቤ ጨርቅ የሚሸጡት፣ ስንት ዓመት ረቡዕና ዓርብ ምሳቸው እዚህ ነበር። እሳቸውም ጨጓራ። ውኃው ይሆን እንዴ?"

ውኃው አልነበረም። የእኛ ሰው ክፉ ነገር ፊት ለፊት አይናገርም፤ ይታመማል። ሞጣ በሙሉ በእኔ ምክንያት በሳምንት ሁለት ቀን ጨጓራውን ታሟል። የአቶ ሰይድ ሕመም ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ገባኝ። አቶ ሰይድ እስላም ናቸው። እኛ የእነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ እየተዋደደ በሥጋ ቀን ገበታው ለየብቻ ነው። በጾም ቀን ግን ድስቱ ውስጥ ሥጋ የለም፤ ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚባል ነገር የለም። የክርስቲያኑ ጾም ለእስላሙ ጎረቤት የግብዣ ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ እኚህ ሰው ከጎረቤታቸው ቤት ያለ ሐሳብ የሚቀመጡባቸው ቀኖች ነበሩ። እነዚያን ቀኖች ነው የወሰድኩባቸው።

ሽሮውን አቀረበችልኝ። ያው ሽሮ ነው፤ ያችው ትንሽ ድስት፣ ያው መፍለቅለቅ። "ይብሉ እንጂ! አፈር ስሆን!" ትለኛለች። እኔ ግን አልጎረስኩም። ያጠናሁት ንግግር ጠፋብኝና እንዲሁ እንደመጣልኝ አፈረጥኩት። የዚያን ቀን የበላሁት ይህንኑ ሽሮ እንደሆነ፣ ጥብሱን ከሾፌር ሰምቼ እንደጻፍኩት፣ የጻፍኩትም ረቡዕ ብዬ እንደሆነ፣ ሰዉ የታመመው ጨጓራውን እንዳልሆነ ነገርኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ መጽሐፉን ከግድግዳው አወረደች፤ ላስቲኩን ገልጣ በጣቷ እየተከተለች ከላይ ጀምራ አነበበች። "ረቡዕ" አለች ቀስ ብላ። "ይቺን አንብቤያት አላውቅም እኮ። እኔ ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው።" ጣቷ ያረፈችው 'የጠበሰው ሰው እጁ የተባረከ ነው' የሚለው ላይ ነው።

"ፈንታን ያገኙት መስሎኝ ነበር" አለችኝ።

ፎቶግራፉን ቀና ብዬ አየሁት።

"ባለቤቴ ነው። ጥብስ የእሱ ሥራ ነበር፤ እኔ እጄን አላስገባም። ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ጥብስ ተጠብሶ አያውቅም። እርስዎ ድሮ መጥተው፣ ከእጁ በልተው፣ አሁን ያስታወሱት መስሎኝ እኮ ነው። ለሰዉ ሁሉ ይኸው ፈንታን ያልረሳ ሰው አለ እያልኩ ነው የማሳየው።" ከዚያ ልጅ እንደሚጠይቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፤ "ከእጁ አልቀመሱም ማለት ነው?"

"አልቀመስኩም እትዬ።"

እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም። አፈርኩ። ውሸቴ አንድ ነገር ብቻ የሰበረ መስሎኝ ልጠግን መጥቼ፣ ለካ ሌላ ነገር ደግፎ ይዞላት ኖሯል፤ እውነቴን ስናገር ያን ድጋፍ መንቀሌ ነው። ሻይ ጠጪው መንገደኛ እንኳ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እንዲህ ያድርጉልኝ" አለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ። "ረቡዕን ይሰርዙልኝ። ሐሙስ ይበሉት። ጥብሱን ግን አይንኩብኝ።"

እሺ ለማለት ምን ያህል እንደቃጣኝ አትጠይቁኝ። ግን ሐሙስም ቢሆን ውሸት ነው፤ በዚያ ላይ የከተማው ሰው ጥብሱ መቼ እንደቀረ ያውቃል። "ቆይ እስቲ አቶ ሰይድን ላነጋግራቸው" ብዬ ወጣሁ።

አቶ ሰይድ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ጋቢ እያጣጠፉ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ለስላሳ፣ ቃላቸውን መርጠው የሚናገሩ ሰው። መጽሐፉን አንብበዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋቢውን አጣጥፈው ጨረሱና ቀና አሉ።

"እና አልጠበሰችም?"

"አልጠበሰችም። እንዲያውም ጥብስ ከነአካቴው ቀርቷል አለችኝ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉና ቁጭ አሉ። "ሰዉማ፣ ለእኛ ባሌ ከሞተ ወዲህ ጥብስ የለም እያለች፣ ለእንግዳ ግን በጾም ቀን በስውር ትጠብሳለች ነው ያለው። እኔ አላመንኩም ነበር፤ ግን መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ልጠይቃት ብል አፈርኩ። እንዲያው ዝም ብዬ ታመምኩ።" "ውሸት ግን ክፉ ነው መምህር። ሦስት ወር ደረቅ ዳቦ ነው የበላሁት" አሉኝ። ከዚያ የሱቁን መጋረጃ ጣል አድርገው ተነሡ።

ገብተው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ቦታቸው እንደሆነ አቀማመጣቸው ይናገራል። ወይዘሮ አንጓች ጓዳ ገብታ ድስቷን ይዛ ወጣች፣ ፊታቸው አስቀመጠች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ጨጓራዎ እንዴት ሆነ?"

"ተሽሎኛል" አሉ አቶ ሰይድ፣ እንጀራ እየቆረሱ።

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀና ገጹን ወደ እሳቸው ዘረጋችው። "ጥብሱንም ሊሰርዙት ነው። ፈንታን አላገኙትማ" አለች።

አቶ ሰይድ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። "የፈንታን ጥብስ እኔም አልበላሁትም" አሉ። "ሽታውን ግን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ።"

ከዚያ ያወሩትን ሙሉ ለሙሉ ልጻፈው ብል ልክ አይመጣልኝም። መጀመሪያ ሽንኩርቱ ግድግዳውን አልፎ እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ቅቤው፣ ከዚያ ጥቂት ጸጥታ እንደሚሆን፣ "ያን ጊዜ ከእሳት አወረደው ማለት ነው" እንደሚሉ ነገሩን። ሌላው ጠባሽ የጥብስ ቅጠሉን እሳት ላይ እያለ ይጥለዋል፤ ፈንታ ግን ካወረደው በኋላ ነበር የሚጥለው፤ ስለዚህ የእሱ ቅጠል ሽታ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ብቻውን ነው የሚመጣው። ወይዘሮ አንጓች አፏን ይዛ፣ "እውነት ነው፤ ካወረደ በኋላ ነበር" አለች። "ከእኔ ሱቅ የወጣ ጋቢ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ይል ነበር" አሉ አቶ ሰይድ። "ገዢው ጋቢውን አሽትቶ ምሳ ስንት ሰዓት ነው ይለኛል።"

ሳቃችን ጋብ ሲል ጣታቸውን በእንጀራ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ረመዳን ሲሆን ግን በእኔ በኩል ያለውን በር ይዘጋልኝ ነበር። ወሩን ሙሉ። አንድ ቀን ነግሬው አላውቅም፤ በራሱ አስቦ ነው።"

ወይዘሮ አንጓች አቶ ሰይድን ትኩር ብላ አየቻቸው።

"ነፋስ ገባብኝ ነበር እኮ የሚለኝ" አለች። "በየዓመቱ እጣላው ነበር። ቤቱን በጭስ ገደልከው እለው ነበር። ነፋስ ገባ ይለኛል።"

"ነፋስ አልነበረም" አሉ አቶ ሰይድ።

አለቀሰች። ግን ልንገራችሁ፣ ቅድም ዓይኗን ስትጠርግ ያየሁት ልቅሶ አልነበረም፤ ይኼኛው እየሳቀች ነው። ለሃያ ዓመት የተጣላችበት የተዘጋ በር ገና አሁን ተከፈተላት። እኔ ውሸቴን ስወስድባት በምትኩ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም፤ ጎረቤቷ ግን ነበራቸው። ያልበሉት ሰው፣ በላሁ ብዬ ከጻፍኩት ከእኔ ይልቅ ጥብሱን አውቀውት ኖረዋል። ብዕሬን አወጣሁ፤ ከአቶ ሰይድ ጋር ስጎርስ እጄ ላይ የቀረው ሽሮ ገጹን ትንሽ አበላሸው፣ አሁንም ድረስ ወዙ አለ።

በዚያው ቀን ገጹን ከወይዘሮ አንጓች ቅጂ ጀምሬ አረምኩ። ሞጣ አድሬም በማግስቱ መጽሐፌን የገዛውን ሰው ሁሉ እያፈላለግሁ በየቤቱ ቆሜ በብዕር ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። ዲያቆናቱ ቅጂ አልነበራቸውም፤ እነሱን ፈልጌ በቃል ነገርኳቸው። ዓርብ ከሰዓት ቤቱ ግማሽ ድረስ ሞላ አሉኝ፤ በቀጣዩ ረቡዕ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ጨጓራ በአንድ ቀን ዳነ። መጽሐፉም ወደ ግድግዳው ተመልሷል፤ ገጹ ያው ነው፣ ክሩም ያው ነው።

የተረፉኝን ቅጂዎች ቢቸና ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አርሜ አንዱን ለቄስ ሞላ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሁለት ጊዜ አነበቡ። ደግ ነው አሉኝ። ዘጉት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "አምስት ሰዓቷን ግን አልሰረዝካትም" አሉኝ።

አልሰረዝኳትም፤ እሷ እውነት ናት። ስግደቷ እስከ ዛሬ ጉልበቴ ላይ አለች። መጽሐፉን ያገኛችሁ እንደሆነ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከተሰረዘው በታች፣ በእጅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል ታገኛላችሁ፦

"ጥቅምት፣ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ፀሐይ ነበር። ሽሮ በላሁ፤ ከሽሮ ሁሉ የሚበልጥ ነው። የአቶ ፈንታን ጥብስ አልደረስኩበትም። ጎረቤታቸው አቶ ሰይድም አልበሉትም። የጠበሰው ሰው እጁ የተባረከ እንደነበረ ግን ሁለታችንም እንመሰክራለን።"